ስለ ቆዳ ግንደ ሕዋስና በብልቃጥ ስለሚሸጠው ቅባት

ከውጭ አገር በሚመጡ አንዳንድ የፊት ቅባቶች ላይ «ስቴም ሴል ያለበት» የሚል ጽሑፍ መታተሙን አስመጪዎችና ባለሱቆች ሳይመለከቱት አልቀሩም። ገዢውም ይህ ምንድር ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ይህን ስም በሕክምና ዘንድ ያስከበረው ጥበብ ምን እንደ ሆነ፣ በብልቃጥ ከሚሸጠውም ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ለነጋድያን መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የሰው የላይኛው ቆዳ በየቀኑ እየረገፈ በአንድ ወር ገደማ ይታደሳል። እድሳቱን የሚያካሂዱት በዚሁ ቆዳ የታችኛው እርከንና በጠጕር ሥር የሚገኙ ጥቂት ሕዋሳት ናቸው፤ እነርሱም እየተከፈሉ አንዱን ወገን ቆዳ እንዲሆን ወደ ላይ ሲልኩ ሌላውን እንደ ዘር እህል ያስቀራሉ። ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ የተባለው ይህ ነው። ትንሽ መላጥ በቶሎ የሚሽረው በነዚህ ነው። እሳት በጥልቀት ሲያቃጥል ግን ግንደ ሕዋሱ አብሮ ስለሚጠፋ ቍስሉ ከዳር ካልሆነ በቀር የሚዘጋበት መንገድ የለውም። ሐኪሞች ከደኅናው የገላ ክፍል ቆዳ ገፈው ይለጥፋሉ፤ ነገር ግን ገላው በሙሉ ለተቃጠለ ሰው ከየት ይገፈፋል?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሊቃውንት ሐዋርድ ግሪንና ጄምስ ራይንዋልድ የሰውን የቆዳ ሕዋስ ከገላ ውጭ የሚያራቡበትን ዘዴ አሳተሙ። በጨረር እንዳይራቡ የተደረጉ የአይጥ ሕዋሳትን በሳሕን ላይ አንጥፈው የሰውን ሕዋስ በዚያ ላይ ዘሩ፤ ችግኝ ያለ መደብ እንደማይጸድቅ ለሚያውቅ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከጥቂት ደኅና ቆዳ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ከሺህ እጥፍ በላይ የሆነ ስስ ቆዳ ይገኛል። በ1983 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ገላቸው ከመቶ 95 በላይ የተቃጠለ ሁለት ሕፃናት በዚህ ዘዴ ከሞት ተረፉ።

ከዚህም የሚበልጠው በጀርመን አገር በቦኹም ከተማ የተፈጸመው ነው። በ2015 ዓ.ም. ቆዳው በትውልድ ሕመም እየተላጠ ለሞት የተቃረበ የ7 ዓመት ስደተኛ ሕፃን ወደዚያ ገባ። በኢጣልያ የሞዴና ሊቅ ሚኬሌ ዴ ሉካና ባልደረቦቹ 4 ካሬ ሳንቲ ሜትር ከምታህል ቆዳው ሕዋስ ወስደው፣ የተበላሸውን ዘረ መል ጤነኛ ቅጂ በውስጡ ጨምረው፣ 0.85 ካሬ ሜትር ቆዳ አሳደጉለት። ከላይኛው ቆዳው ከመቶ 80 የሚሆነው ተተካ። በ2017 ዓ.ም. የታተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው ያን ሁሉ ቆዳ በሕይወት የሚያቆየው ቍጥሩ አነስተኛ የሆነ ግንደ ሕዋስ ነው።

እንግዲህ ነጋዴ ይህን እንደ ሸቀጥ ቢመለከተው ምን ያገኛል? በአሜሪካ ለከባድ ቃጠሎ የተፈቀደው ኤፒሴል የሚሠራው የበሽተኛው የራሱ ቆዳ ተቈርጦ ከደረሰ በኋላ ብቻ ነው፤ ከተዘጋጀም ጀምሮ የሚቈየው 24 ሰዓት ነው። በመጋዘን አይከማችም፤ ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አይሸጥም፤ ዋጋውም እጅግ ውድ ነው። ያም ሆኖ የሚበቅለው ቆዳ ስስ ነው፤ ጠጕርም ላበትም አያወጣም።

ታዲያ ወራት በመርከብና በመደርደሪያ ላይ በሚቈይ ብልቃጥ ውስጥ ሕያው የሰው ሕዋስ ሊኖር አይችልም፤ ቢኖርም እንኳ ደረቁ የላይኛው ቆዳ አያሳልፈውም። በአብዛኛው ያለበት እንደ ፖም ካሉ ተክሎች ሕዋስ የተጨመቀ ነገር ነው። ቅባቱ ቆዳ ያለሰልስ ይሆናል፤ በዚያው ስም ቢሸጥ ነውር የለውም። አስመጪው ግን ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ሕዋሱ የምን እንደ ሆነና ያድናል የተባለው በምን እንደ ተፈተነ ከላኪው በጽሑፍ ይጠይቅ። በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 የመዋቢያ ዕቃ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቍጥጥር ሥር መሆኑን አይዘንጋ።

ቃጠሎ የደረሰበት ደንበኛ መጥቶ ይህን ቅባት ቢጠይቅ ባለሱቁ አይሽጥለት። የተቃጠለውን ገላ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ማብረድ፣ ቅቤም ሆነ ቅባት ሳይቀቡ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።