የኩባንያዎች የዘላቂነት ደረጃ ምን ይለካል? ገንዘቡን ለሚያውል ሰውስ ምን ያህል ይበቃል?

የአንዱ ወረዳ ቁና ከሌላው ወረዳ ቁና ጋር እኩል ባልሆነበት ገበያ «አሥር ቁና ጤፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ለገዢው ብዙ አያስረዳም። ገዢው አስቀድሞ ቁናው የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይኖርበታል። የታላላቅ ኩባንያዎችን አካሄድ እየመዘኑ ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶችም ጉዳይ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምዘናው የሚመለከተው ሦስት ነገሮችን ነው፤ ይኸውም ኩባንያው አየርን፣ ውሃንና መሬትን እንዴት እንደሚይዝ፤ ከሠራተኞቹና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር እንዴት እንደሚኖር፤ ራሱንም በምን ዐይነት አስተዳደርና ቁጥጥር እንደሚመራ ነው። ሦስቱ በአንድ ስም መጠራት የጀመሩት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አነሣሽነት በ2004 ከወጣው መግለጫ ወዲህ ነው። ከዚያም በኋላ የጡረታ ገንዘብ ጠባቂዎች፣ ባንኮችና ልዩ ልዩ አክሲዮን ገዢዎች ደረጃውን ተመልክቶ ገንዘብ ማዋልን ልማድ አደረጉት። ኤም.ኤስ.ሲ.አይ. የተባለው ድርጅት ኩባንያዎችን ከሦስት «ኤ» እስከ ሦስት «ሲ» በሰባት ማዕርግ ይከፍላል። ሰስቴይናሊቲክስ የተባለው ደግሞ ደረጃውን በቁጥር ያወጣል፤ በእርሱ ዘንድ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኩባንያው የተሻለ ነው። እንግዲህ ያልተጠነቀቀ አንባቢ ገና ከመነሻው ሊሳሳት ይችላል።

ፍሎሪያን ቤርግ፣ ጁልያን ኮልበልና ሮቤርቶ ሪጎቦን የተባሉ ሊቃውንት በ2022 ባሳተሙት ጥናት የስድስት ደረጃ አውጪዎችን ውጤት አመሳከሩ። ፍጹም ስምምነት 1፥ ዝምድና አለመኖር 0 ቢባል፥ ውጤቶቹ እርስ በርስ የተስማሙት በአማካይ 0.54 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በየጥንዱ ሲታይም ከ0.38 እስከ 0.71 ይደርሳል። ኩባንያዎች ዕዳቸውን ለመክፈል ያላቸውን ብቃት የሚመዝኑት ድርጅቶች ግን ከዚህ እጅግ በላቀ መጠን ይስማማሉ። ይህ ልዩነት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዕዳ ተከፈለ ወይም አልተከፈለም ሊባል ይችላል፤ ስለ ዘላቂነት ግን እንዲህ ያለ የቁርጥ ፍርድ የሚሰጥ ቀን የለም።

ሊቃውንቱ የልዩነቱንም ምክንያት ለይተዋል። ከመቶው 56 እጅ የሚሆነው የሚመጣው አንዱን ነገር በተለያየ መስፈሪያ ከመለካት ነው። ለምሳሌ የሠራተኛ አያያዝን አንዱ ሥራ በለቀቁት ሰዎች ብዛት ሲለካ፥ ሌላው በፍርድ ቤት በተከሰሰበት ጊዜ ይለካል፤ ሁለቱም የሚጽፉት ግን «የሠራተኛ አያያዝ» ብለው ነው። 38 እጅ የሚሆነው ደግሞ አንዱ የሚመዝነውን ነገር ሌላው ጨርሶ ስለማይመዝን ነው። ለየጉዳዩ የሚሰጠው ክብደት መለያየት፥ ብዙ ሰው ዋና ምክንያት አድርጎ የሚቈጥረው፥ 6 እጅ ብቻ ነው። ከዚህም በቀር አንድ መዛኝ ኩባንያውን በአንድ ጉዳይ ካመሰገነ በሌላውም ወደ ማመስገን እንደሚያዘነብል ተደርሶበታል።

ከዚህ የሚከብደው ነገር ግን ደረጃው የሚመልሰው ጥያቄ ራሱ ነው። ብዙ ገዢዎች ከፍ ያለ ደረጃ ሲያዩ «ይህ ኩባንያ መሬትንና አየርን አይጐዳም» ብለው ይተረጕሙታል። ኤም.ኤስ.ሲ.አይ. ግን የሚመዝነው የአካባቢና የማኅበራዊ ጉዳዮች በኩባንያው ትርፍ ላይ የሚያመጡትን አደጋ እንጂ ኩባንያው በዓለም ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አለመሆኑን ራሱ ገልጿል። የማክዶናልድስ ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። ብሉምበርግ በዲሴምበር 2021 እንዳተተው፥ የዚህ ምግብ ሻጭ ኩባንያ ልቀት በ2019 ወደ 54 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ከፖርቱጋል መንግሥት ልቀት በልጦ ነበር። አብዛኛውም የሚመጣው ከወጥ ቤቱ ሳይሆን ሥጋና ወተት ከሚገኝባቸው እርሻዎች ነው። ሆኖም በ2021 ደረጃው ከፍ ተደረገለት፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ስለ ምግብ መጠቅለያና ስለ ቆሻሻ አያያዝ ያደረገው መሻሻል ነበር። ልቀቱ ግን ለኩባንያው ትርፍ አስጊ ሆኖ ስላልተቈጠረ በደረጃው ስሌት አልገባም። ከብት ለሚያረባና ዝናብ ለሚጠብቅ ሰው ይህ እንግዳ አቈጣጠር ይመስለዋል፤ ቢመስለውም አያስደንቅም።

ደግሞም ማዕርጉ የሚሰጠው ከአንድ የሥራ መስክ ባልደረቦች ጋር በማወዳደር ነው። ስለዚህ ከነዳጅ ኩባንያዎች መካከል ተሽሎ የተገኘው፥ ከባንኮች መካከል ከመጨረሻዎቹ ከሆነው በላይ ማዕርግ ሊያገኝ ይችላል።

ሦስተኛው ጉድለት የመረጃው ምንጭ ነው። ቡና ቀማሽ ከፊቱ የቀረበውን ስኒ ራሱ ይቀምሳል፤ ደረጃ አውጪው ግን በአብዛኛው የሚያነበው ኩባንያው ስለ ራሱ የጻፈውን ነው። በሴፕቴምበር 2015 ቮልስዋገን በዳው ጆንስ የዘላቂነት ዝርዝር ውስጥ የመኪና ሠሪዎች ሁሉ ቀዳሚ ተብሎ ተሰየመ። በዚያው ወር በ18ኛው ቀን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፥ ኩባንያው በናፍጣ መኪኖቹ ላይ የጭስ ምርመራን የሚያታልል መሣሪያ መግጠሙን ይፋ አደረገ። እንዲህ ያለው መሣሪያ በዓለም ዙሪያ በ11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ላይ እንደ ነበረ ኩባንያው አመነ፤ በኦክቶበር 6 ቀንም ከዝርዝሩ ተሰረዘ።

ከዚህም የተነሣ ሪፖርት የሚጽፍ ብዙ ሠራተኛ ያለው ታላቅ ኩባንያ ከትንሹ ይልቅ ከፍ ያለ ደረጃ የማግኘት ዕድል አለው። በአቅርቦቱ ጫፍ ያለው ገበሬ ደግሞ ከዚህ ሁሉ መዝገብ ውጪ ይቀራል። የኢትዮጵያ ቡና አብዛኛው የሚመረተው በትናንሽ ማሳዎች ነው። ቡናውን ቈልቶ የሚሸጠው የውጭ ኩባንያ ያገኘው ማዕርግ በእነዚያ ማሳዎች ጥላ ዛፉ ስለ መቈረጡ ወይም የእሸት ቡናው ዋጋ ስለ መውረዱ የሚናገረው ጥቂት ነው።

መንግሥታት ይህን ተመልክተው ደንብ ማውጣት ጀምረዋል። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ሰነድ ገበያ ተቈጣጣሪዎች ማኅበር በኖቬምበር 2021 መዛኞቹ የአሠራራቸውን መንገድ እንዲገልጹና የጥቅም ግጭትን እንዲያስወግዱ የሚያሳስብ ሪፖርት አወጣ። ሕንድ በ2023 ተከተለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባወጣው ደንብ መዛኞች ከተቈጣጣሪው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያገኙ፥ የሚመዝኑበትን መንገድ እንዲያሳትሙ፥ የምክር አገልግሎትንም ከምዘና ሥራ እንዲለዩ አዘዘ፤ የሚጸናበትንም ቀን ከጁላይ 2 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲሆን ወሰነ። ደንቡ ግን ሁሉም በአንድ መንገድ እንዲመዝኑ አያስገድድም።

ይህ ሁሉ ሲባል ደረጃው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከጀርባው ያለው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ከማዕርጉ ይልቅ ይጠቅማል። ጠንቃቃ ገዢ የሁለት ወይም የሦስት መዛኞችን ጽሑፍ ጐን ለጐን አስቀምጦ የተለያዩበትን ይፈልጋል፤ ሊጠየቅ የሚገባው ጉዳይ በአብዛኛው በዚያ ይገኛልና። ከዚያም የውሃውን መጠን በሜትር ኩብ፥ ልቀቱን በቶን፥ በሥራ ላይ የተጐዱትን ሠራተኞች በቁጥር ከኩባንያው ይጠይቃል፤ ቁጥሮቹን በውጭ መርማሪ ማን እንዳረጋገጠ፥ ምርመራውም እስከ እርሻው ድረስ ደርሶ እንደሆነ ወይም በፋብሪካው በር ላይ ቆሞ እንደሆነ ይመለከታል።