መብራት ሁለት ሻጭ ቢኖረው

አንባቢ ሆይ፣ ፓዌን በካርታ እንጂ በዓይንዎ አላዩዋት ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. በተጀመረው ሰፈራ የተመሠረተች፣ መንደሮቿ በስም ፈንታ በቁጥር የሚጠሩ የመተከል ወረዳ ናት። የበለስ ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል። ከውሃውም ብዙው ከጣና ሐይቅ በዋሻ ተስቦ፣ በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 460 ሜጋ ዋት ጣቢያ አሽከርክሮ የሚመጣ ነው። በዚሁ በመተከል፣ በጉባ፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ማለትም የበለስን 11 እጥፍ ያህል እንዲያመነጭ የተሠራ ነው።

በዚህች ወረዳ ሳስተምር አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ ሁለት የጨው ነጋዴዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዋጋው ይረክሳል፤ መብራትስ ሁለት ሻጭ ቢኖረው አይረክስም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የልጅ አይደለም፤ የብዙ አገር ሊቃውንት የተከራከሩበት ነው።

ኤሌክትሪክ በሦስት እጅ ያልፋል፤ ይመነጫል፣ በትልልቅ መስመር ይተላለፋል፣ በየቤቱ ይከፋፈላል። በአንድ ጎዳና ሁለት ረድፍ ምሰሶ መትከል ኪሳራ ስለሆነ መስመሩ የአንድ እጅ ሥራ ነው። ማመንጫው ግን የብዙዎች ሊሆን ይችላል። እንግሊዞች በ1990 እ.ኤ.አ. የመንግሥቱን ድርጅት ከፋፍለው አመንጪዎቹን ያወዳደሩት በዚሁ አሳብ ነው። ካሊፎርኒያም ይህንኑ ሞከረች፤ ነገር ግን በ2000 እና በ2001 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ሻጮች ኃይል እየደበቁ ዋጋውን ሰማይ አደረሱት። ተቆጣጣሪው ካንቀላፋ ገበያ እንዲህ ያደርጋል።

በአገራችን በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ሦስቱንም ሥራ ጠቅልሎ ይዞ ኖረ። በ1989 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ለግል ባለሀብት በር ከፈተ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ድርጅቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ኃይል ያመነጫል፣ ያስተላልፋል፤ ሁለተኛው ለእርስዎና ለእኔ ያከፋፍላል። ሁለቱም የአንድ አባት፣ የመንግሥት፣ ልጆች ናቸውና ይህ ክፍፍል ገና ውድድር አይባልም።

እውነተኛውን ውድድር ያየነው በጨረታ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በሶማሌና በአፋር ክልሎች ሊሠሩ ለታሰቡ ሁለት የፀሐይ ኃይል ጣቢያዎች ኩባንያዎች ሲሻሙ፣ አሸናፊው የሳውዲ ኩባንያ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ባነሰ ዋጋ ለመሸጥ ቀረበ። ዋጋው ረክሶ ነበር፤ ጣቢያዎቹ ግን አልተሠሩም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ብዙ ሻጮች ለአንድ ገዢ በሚሰለፉበት ገበያ ርካሽ ዋጋ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሻጩ ገንዘቡን በወቅቱ እንደሚያገኝም መተማመን አለበት።

ለተማሪው ይህን ሁሉ ነገርኩት። ጨው ሻጩ ሸቀጡን በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ መብራት ሻጩ ግን ያለ ሽቦ አይመጣም። የእንግሊዝ ቤተሰብ ሻጩን መምረጥ የጀመረው ሽቦው ቤቱ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከኛ ሕዝብ ግን ግማሽ ያህሉ ገና ሽቦ አልደረሰውም። ለትርፍ የቆመ ነጋዴ አሥር አምፖል ብቻ ወደሚበራበት ሩቅ መንደር ምሰሶ አይተክልም፤ ስለዚህ አመንጪዎቹ በጨረታ ይወዳደሩ፣ የሩቁን መንደር መስመር ወጪ ግን መንግሥት በበጀቱ ላይ በግልጽ ይጻፈው እላለሁ።

ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ መጀመሪያ የሚተከለው በስንት ቁጥር መንደር ነው?» አለኝ።