«ይበቃዎታል» ማለትም መስተንግዶ ነው

አሳላፊነት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ሥራ ነው። በሠርግም ሆነ በዝክር ጠጅ የሚቀዳው ሰው የቤቱን ክብር በእጁ የያዘ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ለዚህ ሥራ የሚመርጠው አስተዋዩንና ታማኙን ነው። ይሁን እንጂ ስለ መቅዳት ብዙ ስንማር፣ መቅዳትን ስለ ማቆም የተማርነው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም መጠጥ በሚሸጥበት ቤት የሚያገለግል ሰው «ይበቃዎታል» የሚለውን ቃል በትሕትናና በሥርዓት እንዴት ሊናገረው እንደሚገባ፣ እኛም ምእመናን በዚህ ነገር ምን ድርሻ እንዳለን ለማስታወስ ነው።

ለዚህ ነገር ድሬ ዳዋ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። ከተማይቱ የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች፣ መንገደኛን መቀበል የኖረችበት ሥራዋ የሆነ ከተማ ናት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ስእለታቸውን ይዘው ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ከሚጓዙት ምእመናን ብዙዎቹ በእርስዋ በኩል ያልፋሉ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቁልቢም ሆነ ወደ ሐረር የሚሄድ መኪና ግን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት አለበት። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር የተጨመረ አንድ ብርጭቆ በዚያ ዳገት ላይ የስንቱን ነፍስ ሊያጠፋ እንደሚችል ማሰብ ያሻል። ስለዚህ አሳላፊው መጠጥ ሲከለክል የሚጠብቀው ጠጪውን ብቻ ሳይሆን፣ በመኪናው ውስጥ ያሉትን ሕፃናትና በመንገድ ዳር የሚሄደውን እግረኛ ጭምር ነው።

ደግሞም የድሬ ዳዋ ሙቀት ሰውን ቶሎ ቶሎ ያስጠማል። ቢራ ለጊዜው ጉሮሮን ያቀዘቅዛል እንጂ ጥምን አያረካም፤ እንዲያውም አልኮል ሰውነትን ውሃ ያሳጣል። ከዚህም በላይ ከሰዓት በኋላ ጫት ሲቅም የዋለ ሰው፣ ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው «ጨብሲ» የሚባል መጠጥ አለ። ጫቱ ሰውየውን ስለሚያነቃው ስካሩ በፊቱ ላይ ፈጥኖ አይታይም፤ ዐይኑ እንደ በራ፣ አንደበቱም እንደ ቀና ብዙ ይጠጣል። እንግዲህ አሳላፊው የጠጪውን መልክ አይቶ ብቻ መፍረድ አይበቃውም፤ የቀዳውን መቍጠር አለበት። ጉበታችን አንዲት መለኪያ አረቄን ወይም አንድ ብርጭቆ ቢራን ለማስወገድ በግምት አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። መራራ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ሰውየውን ያነቃዋል እንጂ ስካሩን አያበርድለትም።

ሕጉም በዚህ ነገር ዝም አላለም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። ስለዚህ ወጣት መስሎ የታየውን ሰው ዕድሜውን መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን ግዴታ ነው።

ወደ አፈጻጸሙ እንመለስ። ብልህ አሳላፊ እንግዳው ሳይሰክር አስቀድሞ ይጀምራል፤ ምግብ ያቀርባል፣ ውሃ ሳይጠየቅ ያመጣል፣ ብርጭቆው ገና ሳያልቅ ሌላ አይጨምርም። መከልከል ግድ በሆነ ጊዜ ግን በጓደኞቹ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰክረዋል» አይልም፤ ይህ ሰውን ማዋረድ ነውና ጠብን ያመጣል። ወደ ጆሮው ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ለዛሬ ከዚህ በላይ አልቀዳልዎትም፤ ውሃ ላምጣልዎት፣ የሚያደርስዎትንም ባጃጅ ልጥራልዎት» ይለዋል። ቃሉ አጭር፣ አክብሮቱም ያልጐደለ ይሁን። እንግዳው ቢቈጣ ክርክር አይግጠመው፤ ነገሩን ለባለቤቱ ያስታውቅ፣ ሌላው አሳላፊ ሳያውቅ እንዳይቀዳለትም ይንገረው። የሰከረውንም ሰው በር ላይ አውጥቶ መተው፣ ወይም የመኪናውን መሪ ሲጨብጥ እያዩ ዝም ማለት፣ ሥራውን ከግማሽ መንገድ ጥሎ መሄድ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ባለቤቱ ከአሳላፊው ጐን ሲቆም ነው። አሳላፊዋ ወጣት ልጅ፣ ጠጪው ደግሞ የአባትዋ እኩያ በሚሆንበት ጊዜ «ይበቃዎታል» የሚለው ቃል ይከብዳታል። እርስዋ የከለከለችውን ባለቤቱ ራሱ ቢቀዳ፣ ወይም እንግዳው ተቈጥቶ ሳይከፍል የሄደውን ሒሳብ ከደመወዝዋ ቢቈርጥ፣ ሁለተኛ አትከለክልም። ጉርሻዋንና እንጀራዋን የምታጣ ከመሰላት እስኪወድቅ ድረስ ትቀዳለታለች። ስለዚህ ባለቤቱ የቤቱን ሥርዓት አስቀድሞ ይወስን፤ ለሠራተኞቹ ሁሉ ያስታውቅ፤ ራሱም አያፍርሰው።

በመጨረሻም ጥፋቱን ሁሉ በመጠጥ ቤቶች ላይ ከመጣል በፊት ቤታችንን እንመልከት። በማኅበርና በክርስትና ግብዣ ላይ እንግዳው ብርጭቆውን በእጁ ሲከድን «በሞቴ!» እያልን የምንቀዳ እኛ አይደለንምን? ልጆቻችን አለመቅዳትን እንደ ስስት፣ አለመጠጣትንም እንደ ንቀት መቍጠርን የሚማሩት በዚያ ነው። በመጽሐፈ አስቴር እንደ ተጻፈው፣ አርጤክስስ ያን የሚያህል ታላቅ ግብዣ ባደረገ ጊዜ እንኳ ማንም ሰው በግድ እንዳይጠጣ አዝዞ ነበር። ባልንጀራውን አጠጥቶ የሚያሰክረውንም ሰው ነቢዩ ዕንባቆም አጥብቆ ይወቅሰዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ወይንን አታረክስም፤ ጌታችን በቃና ዘገሊላ ባርኮታልና፤ የምታወግዘው ስካርን ነው።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ በሚመጣው ዝክራችሁ «በሞቴ» የሚለውን ቃል ለእንጀራው ተዉለት፤ በመጠጡ ግን እንግዳችሁ «በቃኝ» ሲል እመኑት። ልጃችሁ ይህን አይታ ካደገች፣ ነገ በድሬ ዳዋም ሆነ በሌላ ከተማ የሰው እንግዳ ስታስተናግድ «ይበቃዎታል» ለማለት አታፍርም።