ደመወዝ፦ በስምምነት

ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አስፋልት ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚገነጠልባት ከተማ በወረቀት ላይ እንጅባራ ትባላለች፤ የአካባቢው ሰው ግን ቆሰበር ይላታል። ብርዷ የታወቀ ነው፤ ክረምቷም ረጅም ነው። የአዊ ዞን መቀመጫ እንደመሆኗ ሆስፒታል አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝም መድኃኒት ቤቶች አሏት። በእንዲህ ያለች ከተማ ሥራ የሚፈልግ አዲስ ተመራቂ ፋርማሲስት በየማስታወቂያው ላይ እየደጋገመ የሚያነባት አንዲት መስመር አለች፦ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት፤ ደመወዝ፦ በስምምነት»።

በስምምነት ማለት ሁለት ወገኖች ተነጋግረው ዋጋ ይቆርጣሉ ማለት ነበር። ነገር ግን አንደኛው ወገን አምስት ዓመት ተምሮ የቤት ኪራይ የሚጠብቀው፣ ቤተሰቡም «ታዲያ መቼ ነው የምትቀጠረው?» እያለ የሚጠይቀው ወጣት ነው። ሌላኛው ወገን ይህ ልጅ እንቢ ቢል ነገ ሌላ ዲግሪ ይዞ እንደሚመጣ አሳምሮ ያውቃል። ዋጋው የተቆረጠው ልጁ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ነው።

ጥያቄው ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል የመጣ ነው። መድኃኒት በአግባቡ የሚያስረዳው ሰው ያጣ ሕዝብ ባለበት አገር፣ መድኃኒት የሚያስረዳው ባለሙያ እንዴት ተትረፍርፎ ረከሰ?

ነገሩ እንዲህ አልተጀመረም። የፋርማሲ ትምህርት በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1953 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል በዲግሪ የሚመረቁት ፋርማሲስቶች ሁሉ ከዚያው ከአንዱ ትምህርት ቤት የሚወጡ ነበሩ። ፋርማሲስት ብርቅ ነበር፤ የሚገኘውም በትልልቅ ሆስፒታሎችና በመዲናዋ ነበር። በወረዳ ከተሞች መድኃኒት የሚያድለው ባለዲፕሎማው ድራጊስት ወይም የፋርማሲ ቴክኒሻን ነበር። ተመራቂዎችን የጤና ሚኒስቴር በዕጣ ይመድብ በነበረበት ዘመን፣ ተመራቂ ከተመራቂ ሲገናኝ የሚጠያየቀው «የት ደረሰህ?» ብሎ ነበር። ደመወዙ የታወቀ ስለነበር የሚያስጨንቀው ቦታው ነበር።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፉ። በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ በአማራ ክልል ብቻ አሥር አሉ። ከእነዚህም ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ወሎ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ታቦርና ደብረ ብርሃን ፋርማሲ ያስተምራሉ። የግል ኮሌጆችም አሉ። መንግሥት የጤና ባለሙያ እጥረትን ለመቅረፍ በብዛት ማሠልጠንን እንደ ዋና መንገድ ያዘ፤ የያኔው እጥረት በእርግጥም ከባድ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱ ከአራት ዓመት ወደ አምስት አደገ። ትኩረቱም ከመድኃኒቱ ወደ ታካሚው ዞረ፤ ተማሪው የመጨረሻውን ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ከሐኪሞች ጋር እየዞረ፣ የታካሚውን ካርድ እያነበበ እንዲማር ተደረገ።

አምስት ዓመት ለአዊ ገበሬ እንግዳ ቁጥር አይደለም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ለማክሰል የሚፈጀው ጊዜ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ በገባበት ክረምት የተተከለው ችግኝ ልጁ በሚመረቅበት ዓመት ለገበያ ይደርሳል። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ያስተማረው ከዚሁ ዛፍ በተገኘ ገንዘብ ነው። ገበሬው ከሰሉን ሲሸጥ የኬሻው ዋጋ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። ለልጁ ድካም ግን እንዲህ አስቀድሞ የታወቀ ዋጋ የለም።

ለድካሙ የሚከፍለው ማነው? ጉዳዩ የሚፈታውም የሚቋጠረውም እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ፋርማሲስት የሚያስፈልገው ቦታ ብዙ ነው፤ ለፋርማሲስት ደመወዝ የሚከፍለው ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ከፋይ መንግሥት ነው። የመንግሥት ተቋም ሰው የሚቀጥረው በሥራ ብዛት ሳይሆን በተፈቀደለት መደብና በጀት ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ ሰልፉ በር ድረስ ቢደርስም፣ መደቡ ካልተፈቀደ ወይም የወረዳው በጀት ካልቻለ ቅጥር የለም። በዚህ ላይ የክልሉ የቅርብ ዓመታት ግጭት አለ። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የተጎዱ የጤና ተቋማት ገና ሳያገግሙ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግጭት ተጨምሯል። ገንዘቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መጠገኑና ወደ ጸጥታው ነው።

የመንግሥት ደመወዝ ራሱ ስንት ነው? ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል የደመወዝ ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ሆኗል። ጭማሪው ትንሽ አይደለም። የ11,500 ብሩን ሒሳብ እስከ መጨረሻው ብንሠራው ግን እንዲህ ይመጣል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የገቢ ግብር እስከ 2,000 ብር ያለውን ነጻ አድርጎ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ከ15 በመቶ እየጨመረ ያስከፍላል፤ ግብሩ 2,100 ብር ይሆናል። 7 በመቶ ጡረታ 805 ብር ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር፣ በቀን ሲካፈል ከ290 ብር በታች ነው። የቤት ኪራይ፣ ታክሲና ምሳ ከዚህ ይወጣሉ፤ ወንድምና እኅት ለማስተማር ወደ ቤት የሚላከውም ከዚሁ ነው።

ስኬሉ ከመለወጡ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ፣ የዱቲ ክፍያና የተጋላጭነት አበል ጥያቄያቸውን በአደባባይ አንሥተው በከፊል ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር፤ የታሰሩም ነበሩ። ፋርማሲስቶች ከጠያቂዎቹ መካከል ነበሩ። ያን ጊዜ ብዙ የተነገረው ስለ ሐኪሞች ቢሆንም፣ ሌሊት በተረኛ ፋርማሲ ቁጭ ብሎ የሚያነጋው ባለሙያም የሚጠብቀው ያንኑ የዱቲ ክፍያ ነው።

ሁለተኛው ከፋይ የግል መድኃኒት ቤት ነው። «በስምምነት» የምትለው መስመርም በብዛት የምትገኘው እዚህ ነው። በኢትዮጵያ የግሉን ዘርፍ በሙሉ የሚገዛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ ቁጥሩ ግን እስካሁን አልተወሰነም። ስለዚህ የአዲስ ፋርማሲስት መነሻ የሚለካው ከባለቤቱ አቅምና ከሰልፉ ርዝመት አንጻር ነው።

የባለቤቱም ነገር ቀላል አይደለም። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ140 ብር በላይ ደርሷል። ትናንት መደርደሪያውን ሙሉ ይሞላ የነበረው ካፒታል ዛሬ ግማሹን አይሞላም። ባለቤቱ የመድኃኒቱን ዋጋ ከጅምላ አከፋፋዩ ጋር መከራከር አይችልም፤ ኪራዩንም እንዲሁ። በእጁ የቀረው፣ ሊቀንሰው የሚችለው ወጪ የሠራተኛው ደመወዝ ነው።

ከዚህ ጠባብ ቦታ አንድ መጥፎ ልማድ ወጥቷል፤ ፈቃድ ማከራየት። ሕጉ ፋርማሲ እንዲከፈት የሚፈቅደው በፋርማሲስት ኃላፊነት ነው። አንዳንዱ ባለሀብት ባለሙያውን ሳይሆን ወረቀቱን ይፈልጋል። ፋርማሲስቱ በወር የተወሰነ ገንዘብ ተቀብሎ ፈቃዱን ያስቀምጣል፤ ራሱ ሌላ ከተማ ሌላ ሥራ ይሠራል። ፈቃዱ በፍሬም ሆኖ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ግን ሌላ ሰው ነው። ይህ የታካሚን ደህንነት አሳልፎ መስጠት መሆኑ ግልጽ ነው። በደመወዙ ገበያም ላይ ጉዳቱ ቀጥተኛ ነው፤ ወረቀት በኪራይ ከተገኘ ሙሉ ቀን ለሚቆም ባለሙያ ሙሉ ደመወዝ መክፈል ለምን ያስፈልጋል? በኪራይ የሚሄድ እያንዳንዱ ፈቃድ አንድ የሥራ ቦታ ይዘጋል።

ከባንኮኒው ጀርባ ያ ሰው ሲጎድል ምን ይጎድላል? አንዲት እናት ሳንባ ምች የያዘውን ሕፃኗን ታቅፋ ማዘዣ ይዛ መጣች እንበል። የታዘዘው አሞክሲሲሊን ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ካለው ምልክት አያልፍም፣ አይጎድልምም። በሰጡ ቁጥር መነቅነቅ አለበት። በወጥ ማንኪያ ሳይሆን በመለኪያው ይሰጣል። ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ተሽሎት ቢስቅም አይቋረጥም። እናቲቱ አፏን የፈታችው በአዊዎች ቋንቋ በአውንጂ ከሆነ ይህ ሁሉ በአውንጂ ቢነገራት ይመረጣል፤ ከዚያም «እስኪ አንቺ መልሰሽ ንገሪኝ» ብሎ ማረጋገጥ ይገባል። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ለዚያች አምስት ደቂቃ በማዘዣው ላይ የተጻፈ ዋጋ የለም። የመድኃኒት ቤቱ ገቢ ከሚሸጠው ጠርሙስ ትርፍ ነው፤ ምክሩ በነጻ ነው። ነጻ የሆነ ሥራ ለሠራተኛው ደመወዝ አያመጣም።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. 80 ያህል የነበሩት የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች በሃያ ዓመት ውስጥ ከ140 በላይ ሆነው፣ ቀድሞ ቀጣሪ ይሻማባቸው የነበሩ ተመራቂዎች ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ መዞር ጀምረው ነበር። ልዩነቱ በዚያ ፈላጊው በአብዛኛው ከፋይ ያለው መሆኑ ነው፤ አብዛኛው ታካሚ የመድን ዋስትና አለው። እዚህ ፈላጊው በየገጠሩ አለ፤ ከፋዩ ግን ጥቂት ነው። ወደዚያ መሄድ የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ፋርማሲስትም መጀመሪያ የውጭ ምሩቃን የአቻነት ፈተና ማለፍ አለበት። ለዚያ ፈተና ከ2003 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ የተመረቁት የአምስት ዓመት ትምህርት ያላቸው መሆን አለባቸው፤ ስለዚህ የሥርዓተ ትምህርቱ ለውጥ ታካሚን ለመጥቀም ታስቦ ሳለ፣ ሳይታሰብ የስደትን በርም ከፍቷል።

መፍትሔ የሚመስሉ ነገሮች ግን ከዚሁ ከአካባቢው ወጥተዋል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከቆሰበር በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የመድኃኒት ሒሳብ ከግዢ እስከ ታካሚው እጅ ኦዲት እንዲደረግ የሚያስችል አሠራር ተጀመረ፤ በኋላም ወደ ሌሎች ክልሎች ሄደ። አሠራሩ የትኛው መድኃኒት ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣና ስንት እንደተበላሸ በግልጽ ያሳያል፤ የባለሙያውም ሥራ በቁጥር ይታያል። የሠራው ሥራ የሚታይለት ባለሙያ ተጨማሪ መደብ ሲጠይቅ የሚያቀርበው ማስረጃ አለው። በዚያው ዓመት ገደማ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የአዊ ዞኗ ዳንግላ ጎረቤት ደቡብ አቸፈር ነበር። መድኑ ዛሬ ለመድኃኒቱ ይከፍላል። ለምክሩም የተወሰነ ክፍያ ቢመድብ፣ የፋርማሲስቱ ደመወዝ ከጠርሙሱ ትርፍ ይላቀቃል። የዩኒቨርሲቲዎችን የቅበላ ቁጥር ከሚፈቀደው መደብ ጋር ማገናኘትም ሌላው መንገድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ሁሉም ተመራቂ የሚፈተነው የመውጫ ፈተና የተመራቂውን ብቃት ይለያል፤ ያለፈውን ተመራቂ ግን የትም አያስቀጥርም።

እስከዚያው ድረስ ዛሬ ቆሰበር ወይም ዳንግላ ላይ ለቃለ መጠይቅ የሚገባ ተመራቂ ባዶ እጁን አይደለም። ደመወዙን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ባይወስንለትም ሌሎች ነገሮችን ወስኖለታል። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ የተሠራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ከሆነ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ከሆነ በእጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘና የተፈረመበት ደብዳቤ መስጠት አለበት። ብዙ መድኃኒት ቤቶች እሑድንም ጨምሮ እስከ ምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት ይሠራሉ። ስለዚህ «በስምምነት» የሚለውን መስመር አንብቦ ለሚገባ ልጅ፣ ስለ ወር ደመወዙ ከመነጋገሩ በፊት በቀን ስንት ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚቆምና እሑድ እንዴት እንደሚታሰብ ጠይቆ ማጻፉ የመጀመሪያው ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ጉዳይ የሚፈለገው ባለሙያው ይሁን ፈቃዱ ብቻ፣ ይህንኑ በግልጽ መጠየቅ ነው።