መጀመሪያ ውሃው፣ አልጋው በኋላ

በባሕር ዳርቻ ጥቂት ቀን አሳልፎ ለመመለስ ለሚያስብ የአዲስ አበባ፣ የአዳማ ወይም የድሬዳዋ ሰው ቅርቡ የጨው ውሃ የጅቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው። በባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጥንታዊቷ የታጁራ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ «ሳብል ብላን» ማለትም «ነጭ አሸዋ» የሚሉት የባሕር ዳርቻ አለ። እዚያና በአካባቢው የሚገኙት ማረፊያዎች ቀላል ናቸው፦ በአፋሮቹ ዳቦይታ አምሳል የተሠራ ጎጆ፣ ፍራሽ፣ አጎበር፣ የጋራ መታጠቢያ፣ ሲመሽ ለጥቂት ሰዓት የሚነሳ ጀነሬተር። እንዲህ ያለውን ቦታ በትንሽ ገንዘብ ለማየት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «አልጋው ስንት ነው?» የሚል ነው። በጀቱም የሚዛባው እዚሁ ላይ ነው። በበረሃ ባሕር ዳር ገንዘብ የሚበሉት ውሃው፣ ቅዝቃዜውና መንገዱ ናቸው፤ አልጋው ከእነሱ ቀጥሎ ይመጣል። ስለዚህ ሒሳቡ ከእነሱ መጀመር አለበት።

ብዙ ሰው ይህን ለመቀበል ይቸገራል፤ ምክንያትም አለው። ጎረቤት አገር ነው፣ ጎጆው የተሠራው ከእንጨትና ከምንጣፍ ነው፣ አሸዋውና ባሕሩ የተፈጥሮ ናቸው፤ ታዲያ ምኑ ነው ውድ የሚሆነው? መልሱ ያለው አገሩ ምን እንደሌለው በማየት ላይ ነው። ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የላትም። ዋና ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ በሶማሌ ክልል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች እ.ኤ.አ. በ2017 በተመረቀው ቧንቧ ከኢትዮጵያ ይሄዳል፤ በ2021 ደግሞ የባሕር ውሃን ጨው የሚያጣራ ፋብሪካ ዶራሌ ላይ ሥራ ጀምሯል። የኤሌክትሪክ ኃይልም ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ አትክልቱና ፍራፍሬው በአብዛኛው ከእኛው አገር በመኪና ይሻገራል፤ የቀረው በመርከብ ይመጣል። ገንዘቡም ጠንካራ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር የሚመነዘረው በ177.721 ፍራንክ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የምንዛሪ ሥርዓት ከተቀየረ በኋላ አንድ ዶላር የሚገዛበት ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ይህም ማለት ጅቡቲ ዋጋዋን ባትነካም ለእኛ ኪስ ከእጥፍ በላይ ውድ ሆናለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከዋና ከተማው ባሕር ተሻግሮ፣ ከዚያም ኮረኮንች መንገድ አልፎ አሸዋው ላይ የሚደርስ አንድ ጄሪካን ውሃ የሁሉንም ተሸካሚ ወጪ ይዞ ይደርሳል።

ይህ ለአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም። ታጁራ ለዘመናት ወደ ሸዋ የሚወጡ የግመል ቅፍለቶች መነሻ ነበረች። ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ የጦር መሣሪያ ይዞ የተነሳው ከዚያው ነው፤ ግመልና መሪ አሟልቶ እስኪንቀሳቀስ ድረስ እ.ኤ.አ. የ1886ን አብዛኛውን ክፍል በወደቧ ተቀምጦ አሳልፏል። በዚያ መንገድ ጉዞ የሚለካው ከውሃ እስከ ውሃ ባለው ርቀት ነበር፤ የሚታደርበት ቦታ የሚመረጠውም ጉድጓዱ የት እንዳለ ታይቶ ነው። ዛሬ በላንድክሩዘር የሚሄደውም ሰው ከዚህ ሕግ ብዙ አላመለጠም።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሙቀት አገር አንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ በቀን 4 ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ መያዝ ይኖርበታል። አምስት ሰዎች አራት ቀን ቢቆዩ 80 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር አራት ጄሪካን። ይህን ከተማ ውስጥ ገዝቶ ጭኖ በመሄድና ባሕር ዳር ላይ በትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ያውም ቀዝቃዛውን፣ እየለቀሙ በመግዛት መካከል ያለው ልዩነት የአንድን ሌሊት አልጋ ሊያስንቅ ይችላል። ቀዝቃዛ መሆኑ ራሱ ዋጋ አለው። ጀነሬተር በሚነሳባቸው ጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለው ቦታ፣ በረዶውን ከከተማ ያስመጣል ወይም ነዳጅ ያቃጥላል፤ ሁለቱም እንግዳው ላይ ይታሰባሉ። በረዶ የሞላ ማቀዝቀዣ ሳጥን ይዞ መሄድ፣ ውሃውን ማታ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሳደር ብዙ ወጪ ይቆጥባል። በምግብ በኩልም እኛ የታደልን ነን፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ። ለረጅም መንገድ፣ ያለ ማቀዝቀዣና ያለ ብዙ እሳት እንዲያገለግሉ ታስበው የተሠሩ ስንቆች ናቸው፤ በረሃ ባሕር ዳር ላይ የሚበልጣቸው የለም። ቁርስና መክሰስ ከስንቅ፣ እራት ደግሞ ዓሣ አጥማጁ ካመጣው ትኩስ ዓሣ ማድረግ ኪስንም ሆድንም የሚያስማማ አሠራር ነው።

ስለ ውሃ ከተነሳ አይቀር፣ ከበጀቱ ውስጥ መውጣት የማይገባው አንድ ዕቃ አጎበር ነው። አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ በአፍሪካ ቀንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ከተማ ነው። እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜል፣ ታንከርና ክዳን የሌለው ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር ደግሞ ሁሉም ያጠራቅማል። ትንኟ በተገኘችበት ዓመት ከ30 በታች የነበረው የጅቡቲ የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2020 ከ70 ሺህ በላይ ደርሷል። በጎጆው ያለው አጎበር ቀዳዳ ካለው፣ የራስን ይዞ መገኘት ከማንኛውም ሕክምና ይረክሳል።

ወደ ትልቁ ወጪ እንምጣ፤ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ፉሪ ለቡ ተነስቶ ጅቡቲ ውስጥ ነጋድ ላይ የሚቆመው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የባቡር መስመር ለመንገደኛ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከአውሮፕላን ጋር ሲነጻጸር የበጀት ተጓዥ ምርጫ ነው። የባቡሩ ቲኬት ግን ጣቢያ ድረስ ብቻ ነው የሚያደርሰው። የነጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ከከተማው ወደ ታጁራ ደግሞ ወይ በፌሪ ባሕሩን መሻገር፣ ወይ ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ 170 ኪሎ ሜትር ያህል በየብስ መሄድ ያስፈልጋል። የሕዝብ ሚኒባስ እስከ ታጁራ ከተማ ያደርሳል፤ ከዚያ እስከ አሸዋው ያለውን መንገድ የሚያደርስ መኪና ወይም ትንሽ ጀልባ መከራየት የግድ ነው። ከእነዚህ ወጪዎች የብዙዎቹ ባሕርይ ልብ ሊባል ይገባል፦ ሰው ቢበዛም ባይበዛም አይለወጡም። መኪናው አንድ ሰው ቢጭንም አምስት ሰው ቢጭንም ያው ክፍያ ነው። ጀልባው ለአንድ ሌሊትም ለአምስት ሌሊትም የሚያደርሰው አንዴ፣ የሚመልሰው አንዴ ነው። የአልጋ ክፍያ በሰውና በሌሊት ሲባዛ፣ የመንገዱ ክፍያ በሰውና በሌሊት ይካፈላል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ብዙ ተጓዦች ከሚያደርጉት ተቃራኒ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ቆይታን ማሳጠር የእያንዳንዱን ቀን ዋጋ ያስወድደዋል፤ ሁለት ሌሊት አድሮ የሚመለስ ሰው አምስት ሌሊት ከቆየው ይልቅ ለአንዷ ቀን የሚከፍለው ይበልጣል። እንደዚሁ «ከመጣን አይቀር» ብሎ በአራት ቀን ውስጥ አሳል ሐይቅን፣ ጉቤትን፣ አርታን፣ ኦቦክንና ሙሻ ደሴትን ለማዳረስ መሞከር በጀቱን ለመኪናና ለጀልባ አከራይ ማስረከብ ነው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለው፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ አሳል ሐይቅ መታየት የሚገባው መሆኑ አያጠራጥርም፤ በየብስ ወደ ታጁራ የሚሄድ ሰው ግን በመንገዱ ስለሚቀርበው፣ ለብቻው ሌላ ጉዞ ከመክፈል ይልቅ መሄጃውን በየብስ፣ መመለሻውን በፌሪ ቢያደርግ ሁለቱንም ያገኛል። ሌላው ውጤት ደግሞ ለብቻ አለመሄድ ነው። መዋጮ፣ ዕቁብና ማኅበር ለምናውቅ ሰዎች ይህ አስቸጋሪ አይደለም፤ አምስት ባልደረቦች ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ መኪናውንም፣ ጀልባውንም፣ ውሃውንም እኩል ይካፈሉታል። ለብቻው የሚጓዝ ሰው ግን የአምስቱን መኪና ለብቻው ይከፍላል።

የጊዜ ምርጫ ከዚህ ሁሉ ያላነሰ ገንዘብ ነው፤ የእኛ የቀን አቆጣጠር ከበረሃው ጋር የማይስማማውም እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን ትምህርት የሚዘጉት ክረምት ነው። አዲስ አበባ ዝናብና ብርድ ሲሆን ሰው ሙቀት ይናፍቃል፤ ማረፊያዎቹም በዚያ ወቅት እንግዳ ስለማይኖራቸው ዋጋ ለመቀነስ አያንገራግሩም። ቅናሹ ግን ያለምክንያት አልመጣም። በሐምሌ የጅቡቲ የቀን ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኻምሲን የሚባለው አሸዋ የሚያነሳ ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። በዚያ ሙቀት ምንጣፍ ጎጆ ውስጥ መተኛት አይቻልም። ሰው በሁለተኛው ቀን ወደ ከተማ ተመልሶ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ሆቴል ይገባል፤ ያም በርካሽ የተያዘውን ጉዞ ከሁሉም ውድ ያደርገዋል። በጥር ግን የቀኑ ሙቀት 29 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሌሊቱም ደጅ ላይ በአጎበር ሥር ያስተኛል።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደግሞ ሌላ ስጦታ አለው፦ በዓለም ትልቁ ዓሣ የሆነው ዌል ሻርክ፣ በተለይ ገና ያልጎለመሱት፣ ጥቃቅን የባሕር ሕይወት ለመመገብ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በብዛትም ወደ አርታ ዳርቻ የሚመጡበት ነው። ሰውን የማይነካ ፍጡር ስለሆነ ሰውም እንዳይነካው፣ ጀልባም እንዳይጠጋው አደራ ማለት ይገባል። ይህን ለማየት አውሮፓውያን የሚጎርፉት በራሳቸው የገናና የአዲስ ዓመት ዕረፍት፣ እስከ ፈረንጆቹ ጥር መግቢያ ድረስ ነው። የእኛ ገና ሲደርስ እነሱ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ይመለሳሉ። ስለዚህ ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11፣ ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት አየሩ ለስላሳ፣ ዓሣው ገና ያልሄደ፣ ግርግሩ ግን የቀነሰበት ጊዜ ነው። የሌላ አገር ሰው ፈልጎ የማያገኘውን ክፍት ቦታ የእኛ ካላንደር በነፃ ይሰጠናል። የካቲትም አየሩ ጥሩ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ግን ረመዳን ከየካቲት ጋር ስለሚገናኝ ቀን ላይ የሚከፈት ምግብ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን አውቆ፣ የሚጾመውንም ሕዝብ አክብሮ መሄድ ያስፈልጋል።

«ይህን ሁሉ ከማሰብ ላንጋኖ አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ዓላማው ዋኝቶና ዓሣ በልቶ መመለስ ብቻ ከሆነ፣ አዎ፣ ላንጋኖ ይሻላል፤ ፓስፖርትም ዶላርም አይጠይቅም። ወደ ታጁራ የሚያስኬደው ሐይቅ የማይሰጠው ነገር ነው፦ ኮራሉና በቀለም የተሞላው የባሕር ወለል፣ ማዕበሉና ጨዉ፣ በአንድ ወገን ባሕር በሌላው ወገን የጎዳ ተራሮች፣ ቋንቋውና ሽርጡ ከእኛዎቹ አፋሮች የማይለይ ሕዝብ። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ «ለአዛውንትና ለሕፃን ቀላል ማረፊያ ይከብዳል» የሚለው። እውነት ነው። የደም ግፊት ያለባት እናት ወይም ጡት የሚጠባ ልጅ ካለ ሆስፒታል የሚቀርብበት፣ መብራት የማይጠፋበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ለእነሱ ሲባል የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ብክነት አይደለም። ለጤነኛ ጎልማሶች ግን ቀላሉ ጎጆ የትልቁ ሆቴል ጎዶሎ ተደርጎ መታየት የለበትም። ነፋስ የሚያሳልፈው ምንጣፍ ግድግዳ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ምድጃ ከሚሆነው የብሎኬት ክፍል በብዙ ይሻላል። አፋሮች ይህን ቤት የመረጡት አገሩን ስለሚያውቁት ነው።

የቀረው የኪስ ጉዳይ ነው። ከዋና ከተማው ውጭ የባንክ ማሽን ላይ መተማመን አይቻልም፤ ስለዚህ ለጠቅላላው ቆይታ የሚሆነው ፍራንክ፣ በትንንሽ ኖቶች፣ ከተማ ላይ መያዝ አለበት። ከቀትር በኋላ ጫት ሲገባ ሱቁም ቢሮውም ስለሚዘጋ ግዢ ጠዋት ይጠናቀቃል፤ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ የሥራ ቀን አይደሉም። ከመነሳት በፊት ማረፊያውን በስልክ ሲያነጋግሩ «አልጋው ስንት ነው?» ከማለት ቀድሞ ውሃ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን፣ ጀነሬተሩ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ከታጁራ ማን እንደሚቀበልና በስንት እንደሚያደርስ መጠየቅ ነው፤ አልጋው በመጨረሻ ይጠየቃል። በመመለሻም በኩል፣ ነፋስ ሲበረታ ፌሪው ሊቀር ስለሚችል ባቡሩ ከሚነሳበት ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ጅቡቲ ከተማ መግባት ያስፈልጋል። የዚያች አንዲት ሌሊት የከተማ አልጋ፣ ከነታክሲዋ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተለየ ፖስታ ተቀምጣ ትጠብቅ።