ታናናሾቹ በቡሄ ደጃፍ

ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው ሰፊውና ነፋሻው የቦሩ ሜዳ ደጋ፣ በነሐሴ ወር እኩሌታ ገና ከጉም ሳይገላገል፣ ሣሩ ውኃ እንዳዘለ፣ ጭቃውም የእረኛውን እግር እንደ ያዘ፣ ከወዲያ ማዶ ጅራፍ ሲጮኽ፣ ከወዲህ መንደር ደግሞ የልጆች ድምፅ «ሆያ ሆዬ» እያለ ሲቀባበል የሰማ ሰው ሁሉ፣ ቀን መቁጠር ሳያሻው፣ በዓለ ደብረ ታቦር እንደ ደረሰና የክረምቱም ጉልበት እየላላ እንደ ሄደ ያውቃል። በዚያ ድምፅ መካከል ግን በደንብ ላደመጠ ሰው ተለይቶ የሚሰማ አንድ ሌላ ድምፅ አለ፤ እርሱም ግጥሙን ገና በቅጡ ያልያዘ፣ ከባልንጀሮቹ አንድ ቃል ወደ ኋላ እየቀረ የሚቀበል፣ በታላቅ ወንድሙ ወይም በእኅቱ እጅ ተይዞ የመጣ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ድምፅ ነው። ስለ ቡሄ ብዙ ተብሎአል፤ እኔ ዛሬ ልናገር የምፈልገው ከሁሉ ኋላ ስለሚከተለው ስለዚያ ታናሽ ልጅ ነው።

ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን የሚውል፣ ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ የሆነ በዓል ነው። ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጥቶ ብርሃነ መለኮቱን እንደ ገለጠላቸው፣ ሙሴና ኤልያስም ተገኝተው እንደ ተነጋገሩት፣ ከደመናውም ውስጥ የአብ ድምፅ እንደ መጣ ወንጌል ይናገራል፤ ሕዝቡ በቃል ያቆየው ትውፊት ደግሞ በዚህ ላይ ሲጨምር፣ በተራራው ዙሪያ በጎቻቸውን ይጠብቁ የነበሩ ሕፃናት እረኞች፣ ብርሃኑ ሌሊቱን ቀን ስላስመሰለባቸው መምሸቱን ሳያውቁ በመስክ ስለ ቀሩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ኅብስት ይዘው ሊፈልጉአቸው ወጡ ይላል። ስለዚህ የዋዜማው ችቦ የዚያ ብርሃን፣ የጅራፉ ጩኸት የዚያ ከደመና የተሰማ ድምፅ፣ ሙልሙሉም ወላጆች ለልጆቻቸው ይዘውት የወጡት ኅብስት ምሳሌ ነው። የስሙን ትርጓሜ አንዳንዶቹ ከብርሃንና ከገላጣነት፣ ሌሎቹ ከሊጡ፣ ማለት ከቡሖው ያመጡታል፤ ሁለቱም ለበዓሉ ስለሚስማሙት አንዱን ለመጣል ምክንያት አላይም። ከትውፊቱ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ግን ዐዋቂዎቹ በሌሊት ችቦ ይዘው መውጣታቸው ነው፤ ልጅ ከቤት በራቀበት ሌሊት ታላቁ ሰው መብራትና እንጀራ ይዞ ሊከተለው እንደሚገባ በዓሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስተምራልና።

በዓሉ በጾመ ፍልሰታ መካከል ስለሚውል ሙልሙል ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አይነካውም፤ ከስንዴ ዱቄት፣ ከውኃ፣ ከእርሾና ከጨው ብቻ ተቦክቶ፣ ሞላላ ሆኖ በልጅ እጅ ልክ ይጋገራል። የክርስትና አባትና እናት ለክርስትና ልጃቸው ሙልሙል የሚሰጡበት ልማድም ስላለ፣ ገና ጥርሱን ያልጨረሰው ሕፃን እንኳ በዚህ ቀን ድርሻ አለው። ፍልሰታ ራሷ የሕፃናት ጾም እየተባለች የምትጠራ፣ ልጆች ነጭ ለብሰው ለቍርባን የሚሰለፉባት ወቅት መሆኗን ለሚያስብ ሰው፣ ቡሄ በመካከልዋ የበራ የልጆች መብራት ሆኖ ይታየዋል።

ሥርዓቱን አንባቢ ቢያውቀውም፣ ታናሹ ልጅ ከወዴት እንደሚቆም ለማሳየት ጥቂት ልበል። አውራጁ ግጥሙን ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ በትራቸውን ከመሬት ጋር እያጋጩ ይቀበሉታል፤ የቤቱን ጌታ ያወድሱታል፣ እመቤቲቱን ያሞግሱአታል፣ ዝም ካሉአቸውም ትንሽ ይነካኩአቸዋል። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፍቶ ሙልሙል ወይም ገንዘብ ሲወጣ ዜማው ይለወጥና ምርቃት ይሆናል፤ ልጆቹ ቤቱን ይባርካሉ፣ ለከርሞ በሰላም እንዲያደርሰው ይመኙለታል፣ እማማም በፈንታቸው «እደጉ» ይሉአቸዋል። ግጥሙ የረዘመበት፣ በትሩ የከበደው፣ አውራጁ የፈጠነበት ያ ታናሽ ልጅ ግን አንዲት ቃል አታመልጠውም፤ «አሜን» ሲባል ከሁሉ ጋር «አሜን» ይላል። በእኔ አስተያየት ሕፃን ልጅ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ መወሰዱ ትርጕም የሚያገኘው በዚህች ቃል ነው። ተቀባይ ብቻ ሆኖ አልመጣም፤ የሦስት ዓመት ልጅ ለጎረቤቱ ሊሰጠው የሚችለውን አንድ ነገር፣ ምርቃትን፣ ይዞ መጥቶአል።

የቦሩ ሜዳ ስም በታሪክ የሚጠራው ግን በሕፃናት ጨዋታ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በተገኙበት፣ ስለ ነገረ ሃይማኖት ይከራከሩ የነበሩትን ሊቃውንት ሰብስበው በ1870 ዓ.ም. ታላቁን ጉባኤ ያደረጉት በዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ ከዚያም ወዲህ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ የሚያስገድደው ዐዋጅ የሰውን ልብ አሳዝኖ አልፎአል። ስማቸው ዛሬም በደሴ በሚገኝ ትምህርት ቤት የሚጠራው ሊቁ መምህር አካለ ወልድ ያስተማሩትም በዚሁ በቦሩ ሥላሴ ነው። ጉባኤ ቤት ባለበት አገር ሁሉ እንደሚታየው፣ የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በበትሩ እየተከላከለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ከተማሪዎቹም መካከል ከእናቱ ጉያ ከወጣ ብዙ ያልቆየ ልጅ ሲገኝ፣ የአገሩ ሴት በሩን ከፍታ ከእንጀራዋ ቈርሳ ትሰጠው ነበር። የቡሄ ልጆች የሚያንኳኩት እንግዲህ የማያውቃቸውን በር አይደለም፤ ልጅ መጥቶ ሲጠራው መከፈትን የለመደ በር ነው።

በወሎ ደግሞ ይህ በር የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ወንድሙ በመስጊድ፣ እኅቱ በቤተ ክርስቲያን የሆነችበት ቤተሰብ ብርቅ ባልሆነበት አገር፣ በዒድ ቀን አዲስ ልብስ የለበሱት የጎረቤት ልጆች እየዞሩ ሳንቲምና ጣፋጭ ሲቀበሉ ያየ የክርስቲያን ልጅ፣ በቡሄ ዕለት የእነርሱን ደጅ ዘልሎ አያልፍም። ከዚያ ዐዋጅ በኋላ አንድ መቶ ሃምሳ ያህል ዓመታት ሲያልፉ፣ የሙስሊሟ እናት ለሆያ ሆዬ ልጆች እጅዋን መዘርጋትዋን ስመለከት፣ ጉባኤውና ዐዋጁ ያልቻሉትን ሕፃናቱ እንደ ቻሉት አምናለሁ።

ወደ ውጭው ዓለም ብንመለከት የዚህ ልማድ ዘመድ አለ። አሜሪካውያን በጥቅምታቸው 31ኛ ቀን ምሽት ሃሎዊን ብለው ልጆቻቸውን ጭንብልና ልዩ ልዩ ልብስ አልብሰው ከበር ወደ በር ሲያዞሩ፣ ልጆቹም ከረሜላ ካልሰጣችሁን እናሾፍባችኋለን የሚል ትርጕም ያለውን ቃል ሲናገሩ፣ ነገሩ ከእኛ እጅግ የራቀ ይመስላል። ሥሩን ለተከተለ ግን፣ በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር በቅዱሳን ሁሉና በሙታን መታሰቢያ ሰሞን ድሆችና ሕፃናት በየቤቱ እየዞሩ ትንንሽ ኅብስት ይቀበሉ፣ ስለ ቤቱም ሙታን ይጸልዩ ነበርና፣ ጥንቱ ኅብስትና ጸሎት መለዋወጥ ሆኖ ይገኛል። ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የተሰደዱ ሰዎች ይዘውት ባሕር ከተሻገሩ በኋላ ጸሎቱ ቀረ፤ ኅብስቱም ከረሜላ ሆነ። በ1950 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፊላዴልፊያ ጥቂት ልጆች የወተት ካርቶን ይዘው ለዩኒሴፍ፣ ማለት ለተቸገሩ የዓለም ሕፃናት፣ ሳንቲም መሰብሰብ በጀመሩ ጊዜ ግን የጠፋው ነገር በከፊል ተመለሰ እላለሁ። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በየዓመቱ ልጄን ልላክ ወይስ ላስቀር እያሉ ይጨነቃሉ። ለእነርሱ ያለኝ ቃል አጭር ነው፤ የሰዉን በዓል ከመንቀፍ አስቀድሞ በነሐሴ ወር ቤተ ክርስቲያናችሁ ቡሄን ስታከብር ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የራሱን ደጃፍ ያወቀ ልጅ የሌላው ደጃፍ አያጠፋውም።

አሁን ወደ ሕፃኑ ደኅንነት ልመለስ፤ ይህ ነገር በምሥጢርና በትውፊት ብቻ የሚታለፍ አይደለምና። በአሜሪካ የ42 ዓመት መዝገብ የመረመረና በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ በሃሎዊን ምሽት በመኪና ተገጭተው የሚሞቱት እግረኞች በአቅራቢያው ካሉት ሌሎች ምሽቶች በ43 በመቶ እንደሚበልጡ አሳይቶአል። የእኛ ልጆች የሚዞሩት በክረምት ነው፤ ጉሙ ዐይን ይጋርዳል፣ መንገዱ ያንሸራትታል፣ በደሴ ዳገት ላይ ባጃጁ፣ በኮምቦልቻም አውራ ጎዳና ላይ ከባዱ መኪና ይበዛል። ስለዚህ ታናሹ ልጅ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይውጣ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቤት በላይ አይዙር፤ እጁን የያዘው ልጅ ራሱ እጅ የሚያዝለት አይሁን። ኮምቦልቻ ቆላ ስለሚቀናት በቀላል ልብስ ሊያልፍ የሚችለው ልጅ፣ በቦሩ ሜዳ ጋቢና ቦት ጫማ ያስፈልገዋል።

ከጅራፍም ይራቅ። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ይልቅ ፈጥኖ አየሩን ስለሚሰነጥቅ ነው፤ እንዲህ የሚፈጥን ነገር በሕፃን ዐይን ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም። የሦስት ዓመት ልጅ ጩኸቱን ሰምቶ ቢደነግጥና ቢያለቅስ ፈሪ ነው ብሎ ማላገጥ አይገባም፤ አዝሎ፣ ከሩቅ አሳይቶ፣ ድምፁ የምን ምሳሌ እንደ ሆነ መንገር ይገባል። ችቦውንም እንዲሁ፤ ሕፃኑ ይየው፣ አይያዘው። ደግሞም የቤት እመቤቶች በፍቅር ብዛት በሕፃኑ መዳፍ የሚያፈሱትን ቆሎ፣ ለውዝና ድርቅ ያለ ከረሜላ፣ ሐኪሞች ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አትስጡ የሚሉት ጉሮሮ ዘግቶ ትንፋሽ ስለሚያሳጣ ነው። ከዚህ ሁሉ ሙልሙል ይሻላል፤ ለስላሳውን የውስጡን ክፍል ቈርሶ ማጉረስ በቂ ነው።

ዛሬ የሚያሳዝነኝ ግን ከአደጋው ይልቅ ሌላ ነገር ነው። እኔ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ታላቅ ወንድሜ እጄን ይዞ በወሰደኝ የመጀመሪያ ቡሄ፣ አንዲት አሮጊት ከልጆቹ ሁሉ አልፈው መጥተው፣ ጎንበስ ብለው ከምጣድ የወጣ ትኩስ ሙልሙል በሁለቱ መዳፌ ውስጥ አኖሩልኝ፤ በዚያ ብርድ የዳቦው ሙቀት እስከ ክርኔ ድረስ ሲሰማኝ ታወቀኝ። በማግሥቱ የተሰበሰበው ሳንቲም ሲካፈል ግን ታላላቆቹ «አንተ ግጥም አልያዝህም» ብለው ባዶ እጄን ሰደዱኝ። ገንዘብን ጉልበተኛው ይይዘዋል፣ ጉልበተኛው ያካፍለዋል፤ ዳቦ ግን በተሰጠው ልጅ እጅ ይቀራል። በከተሞቻችን ሙልሙሉ ቀርቶ ብር ብቻ በሚወጣበት፣ ጎረምሶችም ከየመኪናው መስኮት እየቆሙ በሚለምኑበት በዚህ ዘመን፣ ከበዓሉ የተገፋው በመጀመሪያ ታናሹ ልጅ ነው። ቡሄ ካለፈ ከሦስት ሳምንት ጥቂት በኋላ፣ በዕንቍጣጣሽ ዕለት አበባየሆሽ የሚሉት ልጃገረዶችና የአበባ ሥዕል የሚያዞሩት ወንዶች ልጆችም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው።

ደጃፍ ሲጠፋ ምን እንደሚቀር በ2013 ዓ.ም. ክረምት አይተናል። ከራያና ከሰሜን ወሎ በጦርነት የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው በነበሩበት በዚያ ነሐሴ፣ ብዙ ሕፃን የሚያንኳኳው የጎረቤት በር አልነበረውም፣ እናቱም የምትከፍተው የራስዋ በር አልነበራትም። በተከታዩ ጥቅምት ጦርነቱ ቦሩ ሜዳ ድረስ ደርሶ የእኛንም በሮች ዘጋ። ተመልሰን በሮቻችንን የከፈትን እኛ፣ የተከፈተ በር ለአንድ ልጅ ምን ማለት እንደ ሆነ አናውቅም ልንል አንችልም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በመጪው ነሐሴ 12 ቀን ማታ ሊጥህን ስታስቦካ ለጎረቤት ልጆች የሚሆን ጥቂት ሙልሙል ጨምር፤ በማግሥቱ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ በርህን ክፈት፤ ከሁሉ ኋላ የቆመውን ታናሹን ወደ ፊት ጥራና ድርሻውን በገዛ እጁ አስይዘው።