ድግሱና ረሃቡ በአንድ መስኮት

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን አንድ የድሮ የእንግሊዝ ሥዕል በፕሮጀክተር አሳዩን። ቡትቶ የለበሱ ድሆች፣ ባዶ እግራቸውን የቆሙ ሕፃናት፣ በክራንች የተደገፈ ሰው የሥዕል ኤግዚቢሽን ያያሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ደግሞ የደላቸው ጌቶች ምስሎች ናቸው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቆየት ብሎ ግን ምን እንዳሳቀኝ ጠፋብኝ።

ሥዕሉ የጆን ሊች ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 «ፓንች» በተባለው የለንደን የስላቅ መጽሔት ወጣ። በዚያ ሰሞን ለአዲሱ ፓርላማ ግድግዳ የታሰቡ ንድፎች ለሕዝብ ሊታዩ ነበር፤ «ካርቱን» የሚባለውም ይኸው ንድፍ ነበር። መጽሔቱ ቃሉን ነጥቆ የሊችን ሥዕል «ካርቱን ቁጥር 1» አለው። እንጀራ ለቸገረው ሰው ሥዕል ታሳያላችሁ ወይ ነው ነገሩ። የስላቅ ሥዕል ካርቱን መባል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ልብ በሉ፣ ሊች ማንንም አልሰደበም። ጥጋበኛውንና ረሃብተኛውን ጎን ለጎን አቆማቸው፣ በቃ። የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ይጨርሰዋል።

ይህ ዘዴ በአገራችን ትልቁን ሥራ የሠራው በቴሌቪዥን ነው፤ ምስሉ ደግሞ የእኛው የወሎ ነው። መንግሥት የወሎን ረሃብ ሸሽጎ ሳለ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ መጥቶ ቀረፀ። «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘው ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ደግሞ ደርግ ለኢትዮጵያ ተመልካች አቀረበው፤ እንዳለ ግን አላቀረበውም። በረሃብተኞቹ መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ሻምፓኝ፣ ሥጋ የሚበሉ የንጉሡ ውሾች ተሰኩበት። ንጉሡም እንዲያዩት ተነገራቸው። በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ።

እዚህ ላይ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ተከራክረናል። ግማሾቹ «ፕሮፓጋንዳ ነው» ይላሉ፤ ግማሾቹ «ውሸቱ የቱ ላይ ነው?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ረሃቡም ድግሱም ነበሩ። እኔን የሚከነክነኝ ስፌቱ ነው። ሥዕል ሲሆን የሰዓሊው እጅ ይታያል፣ ስላቅ መሆኑን ማንም ያውቃል። ቴሌቪዥን ላይ ግን መቀሱ አይታይም፤ ውሾቹ ሥጋ የበሉት ያ ሕፃን ሲሞት በዚያችው ደቂቃ ይመስላል። ዲምብልቢ የቀረፀው ረሃቡን ነው፤ ገጣጥሞ ያቀረበው ደርግ ነው። ለእኔ የዜና ልብስ የለበሰ ስላቅ ነው። ግን ደግሞ የተደበቀውን ረሃብ ያገሬው ሰው በዓይኑ ያየው በዚሁ ነው፤ ይሄን ስል ክርክሩ ራሴ ላይ ይዞርብኛል።

አያቴ የከላላ ሰው ናቸው። ፊልሙን አይተውት እንደሆን ጠየቅኳቸው።

«ምን ቴሌቪዥን አለና ልጄ! እኛ ሰዎቹን ነው ያየን። ደጃፍ ድረስ ይመጡ ነበር።»

ቀጥለው ስለ 77 አወሩልኝ። መስከረም 2 ቀን 1977 ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎ እንደገና ተርቦ ነበር። የቢቢሲው ማይክል በርክ ከቆረም ያስተላለፈው ዘገባ በእንግሊዝ የታየው ጥቅምት 13 ነው። ያኔም ድግሱ ነበር፣ ረሃቡም ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን የመንግሥት ነውና ሁለቱን የሚያጎራብት አልተገኘም።